ለስኩባ የትኛው ፊን ይሻላል? ከጅማ ሆኖ ለሚመርጥ

ጅማ መርካቶ ገብቶ የስኩባ (የአየር ሲሊንደር ታጥቆ ውሃ ውስጥ የመጥለቅ) ፊን ሞክሮ መግዛት የሚባል ነገር የለም። ዕቃው የሚመጣው በሰው ነው። ጅዳ ያለች እህት ትልካለች፣ ዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ ይዞ ይመጣል፣ ወይም የጅቡቲ መስመር ሾፌር ከወንበሩ ሥር ሸጉጦ ያደርሰዋል። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ቁጥርህ ስንት ነው?» ጎረምሳው «42» ይላል። ዕቃው ይደርሳል። ሲያዩት ያምራል። እግር ሲገባበት ግን ወይ ይዋልላል፣ ወይ ጣት ይቆለምማል። መመለሻ የለው፣ መለወጫ የለው።

ይሄ ጽሑፍ ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ኮርስ ለመውሰድ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ግብፅ ለመሄድ ላሰበ፣ ወይም ወስዶ ጨርሶ የራሱን ዕቃ መሰብሰብ ለጀመረ።

ፊን እግር ላይ የሚጠለቅ መቅዘፊያ ነው። ሁለት ክፍል አለው፦ እግር የሚገባበት ጫማ መሰል ክፍልና ከፊቱ የተዘረጋው ሰፊ ምላስ። ውሃ ከአየር 800 እጥፍ ገደማ ይወፍራል። ጠላቂ ዋናተኛ ደግሞ ጀርባው ላይ ሲሊንደር፣ ወገቡ ላይ የእርሳስ ብረት ክብደት፣ ደረቱ ላይ ጃኬት ታጥቆ ነው የሚገባው። በእጁ አይዋኝም። እጁ ባትሪ ይይዛል፣ መለኪያ ያያል፣ ለጓደኛው ምልክት ይሰጣል። የመሄዱን ሥራ እግር ብቻውን ይችለዋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ሉዊ ደ ኮርሊዩ የጎማ ፊን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። አሜሪካዊው ኦወን ቸርችል ከእሱ ፈቃድ ወስዶ በ1940 አካባቢ መሸጥ ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደራዊ ዋናተኞች ለበሱት። ከዚያ ወዲህ ቅርጹ በየጊዜው ተለዋውጧል። ማስታወቂያው ደግሞ ከቅርጹም በላይ በዝቷል። «በዓለም ፈጣኑ» የሚል ሣጥን ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት። ስኩባ ሩጫ አይደለም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ብዙ ያያል፣ አየሩም ይቆይለታል።

እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ መጀመሪያ እግራችሁ፣ ቀጥሎ የምትገቡበት ውሃ፣ ከዚያ የአመታታችሁ ስልት። ፍጥነት፣ ቀለምና የፋብሪካ ስም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ተረከዙ ድፍን ወይስ ክፍት?

የመጀመሪያው ምርጫ እዚህ ላይ ነው። ድፍኑ ፊን እንደ ሸራ ጫማ ሙሉ እግርን ይውጣል፤ በባዶ እግር ወይም በስስ ካልሲ ይለበሳል። ክፍቱ ተረከዝ የለውም፤ ከኋላ በማሰሪያ ይያዛል፤ ውስጡ ደግሞ ቡቲ የሚባል የኒዮፕሪን (ስፖንጅ መሰል ጎማ) ጫማ ይለበሳል።

ድፍኑ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ለሞቃት ውሃና ከጀልባ ለሚገባ ሰው ይበቃል። ጅቡቲ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች አካባቢ ከጀልባ ተንሸራትቶ ለሚገባ ሰው ምንም አይለውም። ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣውን ትልቁን የዓሣ ነባሪ ሻርክ ለማየት የሚሄድም በአብዛኛው የሚዋኘው ላይ ላዩን በስኖርክል (በአፍ በሚያዝ መተንፈሻ ቱቦ) ስለሆነ ድፍኑ ይስማማዋል።

ችግሩ ከባሕር ዳርቻ በእግር ለሚገባ ሰው ነው። ግብፅ ዳሃብን ውሰዱ። ብዙው መግቢያ ድንጋይና የሞተ ኮራል ነው። የባሕር ጃርት እሾህ አለ። ሲሊንደር ተሸክማችሁ በባዶ እግር አትረግጡትም። እዚያ ቡቲ የግድ ነው፤ ቡቲ ካለ ደግሞ ፊኑ ክፍት መሆን አለበት። ብርዱም ሌላ ጉዳይ ነው። ሰሜናዊው ቀይ ባሕር በብርዱ ወራት፣ በጥርና በየካቲት ገደማ፣ ወደ 21 እና 22 ዲግሪ ይወርዳል። በወሬ ደረጃ ሞቃት ይመስላል። ውሃ ግን ከአየር 25 እጥፍ ያህል በፍጥነት ሙቀት ይነጥቃል። 40 ደቂቃ ሲሞላ የእግር ጣት ነው ቀድሞ የሚናገረው።

አንድ ፊን ብቻ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ክፍቱን ነው የምለው። ሞቃትም ቀዝቃዛም ውሃ ይዞት ይሄዳል። ማሰሪያውን ደግሞ የስፕሪንግ አድርጉት። የጎማው ማሰሪያ ይሰነጠቃል፣ መቆለፊያው በእርጥብ እጅ ያስቸግራል፣ ጀልባ ላይ ማዕበል እየወዘወዛችሁ ማጥበቅና ማላላት አበሳ ነው። ስፕሪንጉ ግን ሳብ አድርጎ ተረከዝ ላይ መልቀቅ ብቻ ነው። ጥልቀት ላይ ቡቲው በግፊት ሲሳሳም ራሱ እየተሳበ ይይዛል።

ልኩን እንዴት ታውቃላችሁ?

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው።

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ 42 ካልኳቸው አይበቃም?» አይበቃም። የአንዱ ፋብሪካ መካከለኛ የሌላው ትልቅ ነው። አንዳንዱ በሁለት በሁለት ቁጥር ይጽፋል፣ አንዳንዱ በፊደል ብቻ። ክፍት ፊን ከሆነ ደግሞ የሚለካው እግራችሁ አይደለም፤ ቡቲ ያጠለቀው እግራችሁ ነው። ቡቲው 3 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፣ 5 ሊሆን ይችላል፣ 7 ሊሆን ይችላል። ሶሉ ወፍራምም ስስም ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፦ መጀመሪያ ቡቲ ግዙ፣ ከዚያ በቡቲው ላይ ፊን።

ሌላው ነገር የእግራችን ቅርጽ ነው። በባዶ እግር ወይም በኮንጎ ጫማ ያደገ እግር ፊቱ ሰፋ ይላል፣ ጣቶቹ ይበተናሉ። ብዙ ፊን የተሠራው ደግሞ ጫማ ውስጥ ታፍኖ ላደገ ቀጭን እግር ነው። ርዝመቱ ልክ ሆኖ ጎኑ ሲያንቅ ታገኙታላችሁ። ለምታዝዙት ሰው ቁጥር ብቻ አትንገሩ። ወረቀት መሬት ላይ አንጥፉ፣ ማታ ላይ እግራችሁን አሳርፉበት፣ ዙሪያውን በእርሳስ ሥሩ። ማታ ያልኩት እግር ቀን ሲቆም ውሎ ስለሚያብጥ ነው። ርዝመቱንና ሰፊውን ቦታ በሴንቲ ሜትር ለኩና ፎቶውን ላኩ። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ አንዱ ከሌላው ይበልጣል፤ የሚታዘዘው በትልቁ ነው።

ዕቃው እጃችሁ ሲገባ እንዲህ አድርጋችሁ ሞክሩት። እግራችሁን ወይም ቡቲውን አርጥቡ። ቡቲው በደረቁ እምቢ ካለ እግራችሁ ላይ ፌስታል አጥልቁና አስገቡት፣ ሸርተት ብሎ ይገባል። ፌስታሉን ካወጣችሁ በኋላ ፊኑን አጥልቁ። ተቀመጡ፣ እግራችሁን አንሡ፣ ቁርጭምጭሚታችሁን አዙሩ፣ ከዚያ እግራችሁን ጎንና ጎን አራግፉ። ፊኑ ከእግር ጋር አንድ ሆኖ መንቀሳቀስ አለበት። እግሩ ቀድሞ ፊኑ ቆይቶ የሚከተል ከሆነ ሰፍቷል። ጣቶቻችሁ ውስጡ ሊነቃነቁ ይገባል። አውራ ጣት ከፊት ሲጋጭ ከተሰማችሁ ጠቧል። በክፍቱ ፊን የጫማው ክፍል ከግማሽ እግር በላይ መሸፈን አለበት፤ ተረከዛችሁ ከኋላ ትንሽ ቢወጣ ችግር የለውም። በድፍኑ ግን ተረከዙ ቡልቅ ካለ አይሆንም፤ ውሃ ውስጥ ይወልቃል።

የሚጠብ ፊን ከሚሰፋው ይከፋል። ደረቅ ወለል ላይ ትንሽ የሚያስቸግር ነገር ውሃ ውስጥ ከ20 ደቂቃ በኋላ ወደ ክራምፕ ይለወጣል። የእግር መዳፍ ይታጠፋል፣ ባት ይጨመድዳል። ከመጣባችሁ አትሩጡ፤ ቁሙ፣ ለጓደኛችሁ ምልክት ስጡ፣ የፊኑን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡና ጉልበታችሁን ዘርጉ። ጓደኛም ሊስብላችሁ ይችላል።

ስለ ምላሱ

ሱቅ ውስጥ በጣም የሚያደናግረው ይሄ ነው። እንደኔ ሦስቱን ማወቅ ይበቃል።

ተራው ምላስ ያልተሰነጠቀ ነው፤ አንዳንዱ መሐሉ ላይ ለስላሳ ጎማ ገብቶለት ሲመታ እንደ ቦይ ይጎደጉዳል። ውሃው በጎን ከሚያመልጥ ወደ ኋላ ይገፋል። ለጀማሪ ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ይመስለኛል። ሁሉንም ዓይነት ምት ይቀበላል፣ በማንም ዘንድ ይገኛል፣ ዋጋውም አያስደነግጥም።

ሁለተኛው መሐል ለመሐል የተሰነጠቀው ነው። ጉልበት ሳይጠይቅ በቶሎ በቶሎ ይመታል። ልክ ዳገት ላይ የብስክሌት ማርሽ እንደማቅለል ነው፦ ፔዳሉ ይቀላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ማዞር አለባችሁ። ጉልበቱን ወይም ባቱን የሚያመው ሰው ይወደዋል፣ እውነትም አለው። እኔ ግን ለወጣት አልመክረውም። ወደ ኋላ ለመሄድና ባሉበት ለመዞር አይታዘዝም። ለሁለት የተከፈለው ምላስ ውሃውን አጥብቆ አይዝላችሁም። ኮራል አጠገብ ቆማችሁ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ማለት ስትፈልጉ ነው ጉድለቱን የምታውቁት።

ሦስተኛው አጭር፣ ሰፊ፣ ደንዳና፣ ከባድ ጎማ ሆኖ ቀዳዳ ያለው ነው። ይህ ዲዛይን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፣ እስከ ዛሬም ይሸጣል። ዋሻ ውስጥ የሚገቡና በተሰበረ መርከብ ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች በሌላ አይለውጡትም። ምክንያቱም እነሱ ወደ ላይና ወደ ታች እያፈራረቁ አይመቱም፤ የእንቁራሪት ምት ነው የሚመቱት። ጉልበት ታጥፎ እግር ወደ ጎን ይከፈታል፣ ከዚያ ሁለቱ የእግር መዳፎች ውሃውን ወደ ኋላ ጨብጠው ይገፋሉ፣ ከዚያ መንሳፈፍ። ውሃው የሚገፋው ወደ ኋላ ነው፣ ወደ ታች አይደለም። ከሥራችሁ ያለው ጭቃ አይነሣም።

ይሄ ለእኛ አገር ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ወደ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለውን የግልገል ግቤን ውሃ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ወንዞቹ የሚያመጡት ቀይ አፈር ነው ያለው። (እዚያ እንሞክረው የሚሉ አሉ። አይሆንም። ውሃው ድፍርስ ነው፣ ጉማሬም አለው። ሌላ ክርክር አያስፈልገውም።) እንዲህ ያለ ደለል ያለበት ውሃ ውስጥ ረዥም ፊን አድርጎ እግር እያፈራረቀ የሚመታ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ የራሱን እጅ ማየት ያቆማል። ኮራል ባለበት ደግሞ ጉዳቱ ሌላ ነው። አንዳንዱ የድንጋይ ኮራል በዓመት ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያድግም። የጀማሪ የፊን ጫፍ የዓመታት ዕድገት በአንድ ምት ይሰብራል። ሰውዬው ደግሞ አያየውም፣ ከኋላው ነውና።

ነፃ ጠላቂዎች የሚያደርጉት ያ እጅግ ረዥም የካርቦን ወይም የፋይበር ፊንም አለ። ትንፋሽ ይዞ በቀጥታ ለመውረድና ለመውጣት የተሠራ ነው። ፎቶ ላይ ያምራል። ለስኩባ ግን አትግዙት፤ ኮራሉ ላይም ጓደኛችሁ ፊት ላይም ያርፋል።

ጥንካሬውስ? ደንዳና ምላስ በአንድ ምት ብዙ ይገፋል፣ ግን ያደክማል። የደከመ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። በውሃው ግፊት ምክንያት 20 ሜትር ላይ የምትስቡት አንድ ትንፋሽ ላይ ላዩን ከምትስቡት 3 እጥፍ አየር ከሲሊንደሩ ይወስዳል። ስለዚህ «ጠንካራ ነኝ፣ ጠንካራውን ስጡኝ» የሚል ጎረምሳ ከቡድኑ ቀድሞ አየር ጨርሶ ሁሉንም ይዞ ሊወጣ ይችላል። መካከለኛ ልስላሴ ያለውን ያዙ።

እግር ኳስ ተጫዋችና ሯጭ የሆናችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። እግራችሁ ጠንካራ ነው፣ ቁርጭምጭሚታችሁ ግን ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው፤ መዳፉ እንደ ዋናተኛ እግር ወደ ፊት አይዘረጋም። እያፈራረቁ መምታት ላይ ይሄ ጉልበታችሁን ይበላዋል። ከጉልበት በታች ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው መርገጥ ትጀምራላችሁ። ምት ከዳሌ ነው የሚመጣው። የእንቁራሪቱ ምት ለእናንተ ሊቀላችሁ ይችላል፤ ገና ከጅምሩ አሠልጣኙን ጠይቁት።

ክብደቱም ይቆጠራል

ፊን ይንሳፈፋል፣ ወይም ይሰምጣል፣ ወይም መሐል ላይ ይቆያል። ጀማሪ ይህን አይጠይቅም፤ ውሃ ውስጥ ግን ሰውነታችሁ በአግድም መተኛቱና አለመተኛቱ በዚህ ይወሰናል።

ቀጭንና ጡንቻማ እግር በራሱ ይሰምጣል። እንዲህ ያለ ሰው በስስ ልብስ ሞቃት ባሕር ውስጥ ከባድ የጎማ ፊን ካደረገ እግሩ ወደ ታች ይንጠለጠላል። እንደቆመ ሰው ሆኖ ነው የሚሄደው። ያኔ ምቱ ወደ ፊት መግፋቱን ትቶ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ከሥሩ ያለውንም ይበጠብጣል። ለእሱ ቀላሉ ፕላስቲክ ይሻላል። ወፍራም ዌትሱት (የኒዮፕሪን የመጥለቂያ ልብስ) ወይም ውሃ የማያስገባውን «ደረቅ ልብስ» ለብሶ ቀዝቃዛ ውሃ የሚገባው ደግሞ በተቃራኒው እግሩ ወደ ላይ ይነሣበታል፤ ከባዱ ጎማ የተሠራው ለእሱ ነው። ከጅማ ተነሥቶ ጅቡቲ ወይም ዛንዚባር የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በዚያ ላይ የሻንጣ ኪሎ አለ።

ከመግዛት በፊት

ኮርስ የሚሰጡ ማዕከላት ፊን ያከራያሉ፤ ብዙ ጊዜ በኮርሱ ዋጋ ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ ገዝቶ መሄድ አያስፈልግም። ይልቅ በየቀኑ የተለየ ዓይነት ስጡኝ በሉ። ሲመቻችሁ የፊኑን ስምና ልክ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ከዚያ ወዲያ ለጅዳዋ እህት የምትልኩት ፎቶውን ነው።

ጅማ ላይ ልትለማመዱ ከፈለጋችሁ የሆቴል መዋኛ ገንዳ ይበቃል። ቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ አንዳንድ ቦታ ፊን አይፈቅዱም። ፊን አድርጋችሁ ወደ ፊት አትራመዱ፤ ጫፉ ተጠላልፎ በግንባራችሁ ይደፋችኋል። ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ነው የሚኬደው። ከሁሉ የሚሻለው ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ማጥለቅ ነው። መጀመሪያ እያፈራረቃችሁ ምቱ፣ ቀጥሎ እንቁራሪቱን። ከዚያ ግድግዳው ፊት ቁሙና በእግራችሁ ብቻ ወደ ኋላ ለመሄድ ሞክሩ። የወደዳችሁት ፊን እዚህ ላይ ራሱን ይገልጣል። ቆዳችሁ የት እንደቀላ እዩ፤ የቀላው ቦታ ባሕር ላይ ይላጣል።

ከፊን ወጣ ያለ፣ ግን የጅማ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ። ከጠለቃችሁ በኋላ ቶሎ ከፍታ መውጣት አደገኛ ነው፤ ደም ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጅን አረፋ ይሠራል። የተለመደው ምክር ከአንድ ተራ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ከጠለቁ ደግሞ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየት ነው። ብዙ ሰው ይሄን ስለ አውሮፕላን ብቻ ያስበዋል። ከጅቡቲ በመኪና ወይም በባቡር ወደ ደጋው መውጣትም ያው ከፍታ ነው። እንደ ሐዋሳና ላንጋኖ ያሉ ሐይቆችም ቢሆኑ ከፍታ ላይ ስላሉ ለብቻው ሥልጠናና ስሌት ይጠይቃሉ።

ፊኑ ከመጣ በኋላ አያያዙ ቀላል ነው። ከጨውም ከክሎሪንም በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ የማሰሪያው መቆለፊያ ውስጥ አሸዋ አይቅር። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ጎማውን ያደርቀዋል። የጅማ ክረምት ረዥም ስለሆነ እርጥቡን ከረጢት ውስጥ ከዘጋችሁበት ይሻግታል፤ ቡቲው ደግሞ ይገማል። ጥላ ላይ ነፋስ ያግኘው። በምላሱ ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ አታቁሙት፤ ቀስ በቀስ ይጎብጥና የጎበጠው አንዱ እግር ብቻውን ወደ ጎን ይጎትታችኋል። አግድም አስተኙት። ድፍን ፊን ሲገዛ ጫማው ውስጥ የሚመጣውን ፕላስቲክ ቅርጽም አትጣሉት። የማሸጊያ ቆሻሻ ይመስላል፤ ግን የተረከዙን ጎማ ቅርጹን አስጠብቆ የሚያቆየው እሱ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ መልሳችሁ ክተቱት።